የሥራ፣ የማታ ትምህርትና የቤት ውሎ በአንድ ደብተር

የዕለት ማስታወሻ አንድ ሰው የዋለበትን፣ ያየውን፣ የሰማውንና ያሰበውን ቀን እየጠቀሰ ለራሱ የሚያሰፍርበት ጽሑፍ ነው። ከሕይወት ታሪክ የሚለየው የነገሩ ፍጻሜ ሳይታወቅ መጻፉ ነው። የሕይወት ታሪኩን በስተርጅና የሚጽፍ ሰው ልጁ ምን እንደ ሆነ፣ ሥራው የት እንዳደረሰው፣ ትምህርቱ እንደ ተሳካ ወይም እንዳልተሳካ አስቀድሞ ያውቃል፤ ያለፈውንም በዚያ ዕውቀት እያረመ ይጽፈዋል። ማስታወሻ ያዡ ግን ዛሬን ዛሬ ላይ ሆኖ ይጽፋል። የልጁ ትኩሳት ነገ ይውረድ አይውረድ አያውቅም፤ የፈተናውንም ውጤት ገና አልሰማም። ከቀጠሮ መዝገብም እንዲሁ ይለያል። የቀጠሮ መዝገብ ሊደረግ የታሰበውን ይይዛል፤ ማስታወሻው የተደረገውንና በሰውየው ላይ ያሳደረውን።

ይህ ልማድ የጡረተኛ፣ የመነኩሴ ወይም የደራሲ ሥራ ተደርጎ ይታሰባል። ይሁንና በዓለም ላይ ከታወቁት የዕለት ማስታወሻዎች አንዳንዶቹ የተጻፉት ቀኑ በማይበቃቸው ሰዎች እጅ ነው። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ ቤት ደግሞ ቤተሰብ ያለበት ሰው ሦስት ዓይነት ጉዳይ በአንድ ጭንቅላት ይዞ ይዞራል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያላለቀውን ሪፖርት ያስባል፤ ቢሮ ሆኖ ስለ ልጁ ይጨነቃል፤ ራት ላይ ስለ ፈተናው ያሰላስላል። የጻፈው ነገር ያን ያህል አይመላለስበትም፤ ማስታወሻ ለእንዲህ ያለው ሰው ከማንም በላይ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የባሕር ኃይሉ ጸሐፊ

ሳሙኤል ፒፕስ የለንደን ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። ማስታወሻውን በጃንዋሪ 1 ቀን 1660 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ገና 27 ዓመት አልሞላውም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቦርድ ጸሐፊነት ተሾመና ከባለቤቱ ከኤልሳቤጥ ጋር ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ፣ ሲዚንግ ሌን በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለ ቤት ገባ። ለመርከቦቹ ግንድ፣ ገመድና የሸራ ጨርቅ የሚገዛው ይህ መሥሪያ ቤት ነው። ነጋዴው ያቀረበው የእንጨት ልክ ትክክል መሆኑን መርምሮ የሚያውቅ ሰው ካልኖረ የመንግሥት ገንዘብ ይባክናል። ፒፕስ ግን በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የወጣ ቢሆንም የማባዛት ሠንጠረዥ እንኳ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ በጁላይ 1662 እ.ኤ.አ. ከአንድ የመርከብ ሰው ዘንድ ሒሳብ መማር ጀመረ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣና ከሥራ በፊት ሠንጠረዡን ይሸመድዳል። ከዚያ ቢሮ ይገባል፤ የመርከብ ግቢዎችን ይጎበኛል፤ ከነጋዴዎች ጋር ይከራከራል። ማታ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ የባለቤቱ ቅሬታ፣ የሠራተኞች ጠብና ያላለቀ የቤት እድሳት ይጠብቀዋል። ማስታወሻው የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ ተርፎ በሚገኝ ሰዓት ነው። በቀጣዩ ዓመት እሱ ራሱ ለፍቶ የተማረውን ስሌት ኤልሳቤጥን ማስተማር ጀመረ፤ ይህም ከቢሮው ጉዳይ ጎን በዚያው መዝገብ ላይ ይገኛል። ሥራው፣ ትምህርቱና ትዳሩ የየራሳቸው ደብተር አልነበራቸውም።

የፒፕስ አያያዝ ዛሬም ትምህርት አለው። ጉዳይ ሲደራረብበት በቁራጭ ወረቀት ላይ ፍንጭ ይይዝና ከቀናት በኋላ ወደ ዋናው መዝገብ ይገለብጠዋል፤ ለንደን በሴፕቴምበር 1666 እ.ኤ.አ. በተቃጠለች ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ያለውን ገንዘብ ይቆጥራል፤ ጤናውን ይገመግማል። ቲያትርና ወይን እንዳያበዛ የገባውን ቃል በጽሑፍ አስፍሮ እሑድ እሑድ ያነበው ነበር፤ ሲያፈርስም ለድሆች በሚሰበሰበው ሣጥን ውስጥ ቅጣት ይጥላል። የሚጽፈው በዘመኑ በሚታወቅ የአጭር ጽሕፈት ስልት ስለ ነበር ፈጣንም ከሰው ዓይን የተሰወረም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር ያህል ከጻፈ በኋላ ዓይኑ የሚታወር መስሎት በሜይ 31 ቀን 1669 እ.ኤ.አ. አቆመ። ዓይኑ ግን አልጠፋም፤ እስከ 1703 እ.ኤ.አ. ኖሯል። ስድስቱ ጥራዞች ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ለካምብሪጁ ማግደለን ኮሌጅ ተላልፈው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ተፈቱ፤ በ1825 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታተሙ። የታሪክ ምሁራን በዚያ ዘመን ስለ ነበረው ወረርሽኝና ስለ እሳቱ ብለው ይከፍቷቸዋል። ሌላው አንባቢ ግን ደጋግሞ የሚመለሰው ወደ ተራዎቹ ቀኖች ነው፤ ሰውየው ምን እንደ በላ፣ ከማን ጋር እንደ ተጣላ፣ የትኛው ስሌት እንዳስቸገረው ወደሚገኝባቸው።

ፒፕስ ደመወዝ፣ የቤት ሠራተኛና የራሱ ክፍል ነበረው። ብራዚላዊቷ ካሮሊና ማሪያ ዴ ጄሱስ ከእነዚህ አንዱም አልነበራትም። በሳኦ ፓውሎ ከተማ ካኒንዴ በተባለ የደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር ሦስት ልጆች ለብቻዋ ታሳድግ ነበር። የምትኖረው ከየመንገዱ ወረቀትና ብረታ ብረት ለቅማ በመሸጥ ነው። ትምህርት ቤት የቆየችው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ የምትጽፈውም ከቆሻሻ መሐል ለይታ ባስቀረቻቸው ደብተሮች ላይ ነበር። ማስታወሻዋ የሚጀምረው በጁላይ 15 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.፣ በልጇ የልደት ቀን ነው። ለልጅቱ ጫማ ልትገዛላት ፈልጋ አቅም አጣች፤ ተጥሎ ያገኘችውን ጫማ አጥባና ጠግና አደረገችላት። አውዳሊዮ ዳንታስ የተባለ ጋዜጠኛ በ1958 እ.ኤ.አ. ደብተሮቹን አየና በ1960 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ እንዲወጡ አደረገ። መጽሐፉ በብራዚል እጅግ ከተሸጡት አንዱ ሆነ፤ ከአሥር በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ውኃ ለመቅዳት ተሰልፋ፣ ሦስት ልጆች አብልታ፣ ጆንያ ተሸክማ የዋለች እናት የጻፈችው ነው። ለመጻፍ ሰፊ ጊዜና ጸጥ ያለ ክፍል የግድ ያስፈልጋል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝለትም።

በአገር ቤት

ዘመንን በጽሑፍ መያዝ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የነገሥታት ዜና መዋዕል በጸሐፍት እጅ ለዘመናት ተጽፏል። አብያተ ክርስቲያናት የርስትና የጉልት ስጦታን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ያሰፍሩ ነበር፤ ወንጌሉን ፍቆ የሚያበላሽ እንደማይኖር ስለሚታመን ነው። በየቤቱም የልጅ መወለድና የዘመድ ማረፍ በዳዊቱ ወይም በመጽሐፍ ቅዱሱ ባዶ ቅጠል ላይ የሚጻፍበት ልማድ አለ። ዛሬ የልደት ቀናቸውን በእርግጠኝነት የሚያውቁ ብዙ አዛውንቶች ይህን ያገኙት ከእንዲህ ዓይነት አንድ መስመር ነው።

በመንግሥት ሥራ ተጠምደው የሚጽፉም ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ዘመን፣ በ1931 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓን ተልከው የተመለሱበትን ጉዞ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ ከደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» እስከ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ድረስ ብዙ የትዝታ መጻሕፍት ወጥተዋል። የአማርኛ መደርደሪያ በባለሥልጣናትና በአርበኞች ትዝታ የበለጸገ ነው። የአንድ መምህር፣ የአንዲት ነርስ፣ የአንድ ሾፌር የዕለት ውሎ ግን ከስንት አንድ ነው። ስለ አንድ ዘመን የዳቦ ዋጋ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ማስገባት ጭንቀት ወደ ፊት የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከባለሥልጣን ትዝታ አያገኘውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

አንድ ምሽት፣ አራት መስመር

በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል የምትሠራ፣ ማታ ለሁለተኛ ዲግሪ የምትማር የሁለት ልጆች እናት ትታሰብ። እንዲህ ያለች ሴት በየቢሮው አለች። 11፡30 ላይ ከቢሮ ትወጣለች። ሜክሲኮ ላይ የስድስት ኪሎን ታክሲ ትሰለፋለች፤ ክፍል ስትደርስ መምህሩ ጀምሯል። ትምህርቱ 2፡30 ላይ ያበቃል፤ ቤቷ ስትገባ ሦስት ሰዓት አልፏል። ትልቁ ልጅ ተኝቷል፤ ትንሹ «እማዬ እስክትመጣ» ብሎ ከአያቱ ጋር ሲከራከር ቆይቷል። ራት ይሞቃል፤ የነገ ልብስ ይዘጋጃል። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ዕረፍት አይደለም፤ ለቅሶ አለ፣ እድር አለ፣ የዘመድ ክርስትና አለ፣ የቡድን አሳይመንት አለ። ቤቱ ጸጥ ሲል ሳትተኛ እንዲህ ትጽፋለች፦

«ማክሰኞ፣ ኅዳር 17። ከወሩ ሪፖርት ሁለት ሠንጠረዥ ቀርቷል፤ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ከግዢ ክፍል ሰነዱን መቀበል። ዛሬ ማታ ወለድ ሲጨምር የቦንድ ዋጋ ለምን እንደሚቀንስ ገባኝ፤ ታክሲ ውስጥ በራሴ ምሳሌ ሠራሁት። ትንሹ ጥርሱ ወለቀ፤ ጣራ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አልተኛም አለ። ደክሞኛል፤ ግን የከፋኝ በድካሙ አይደለም፣ የጠዋቱ ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ማንም ስላልሰማኝ ነው።»

አራት ጉዳይ፣ ከአምስት ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው። እያንዳንዱ መስመር ግን የራሱን ሥራ ይሠራል፤ ተመራማሪዎችም እያንዳንዱን ለየብቻው ፈትሸውታል።

የመጀመሪያው መስመር የቀረውን ሥራና ነገ የሚደረገውን ይናገራል። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ያላለቀ ጉዳይ በሌላ ሥራ መሐል እየመጣ ሐሳብን እንደሚያውክ፣ ጉዳዩ ሳይፈጸም እንኳ መቼና እንዴት እንደሚፈጸም ቁርጥ ያለ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ሁከቱ እንደሚቀር አሳይተዋል። ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ ደግሞ በአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ አሳደሩ። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በመጪዎቹ ቀናት ሊሠሩ የሚገባቸውን ጻፉ፤ ሌሎቹ ያጠናቀቁትን። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝራቸው ይበልጥ ግልጽ የሆነላቸው ደግሞ ይበልጥ ፈጠኑ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ለሚተኛና ንጋት 11 ሰዓት ለሚነሣ ሰው ዘጠኝ ደቂቃ ቀላል አይደለም። «ሪፖርቱን መጨረስ» ብሎ መጻፍና «ከግዢ ክፍል ሰነዱን መቀበል» ብሎ መጻፍ አንድ አለመሆኑም ከዚህ ይታያል። የመጀመሪያው ጭንቀቱን ስም ይሰጠዋል እንጂ አያቃልለውም፤ ሁለተኛው የነገን የመጀመሪያ እርምጃ ይቆርጣል።

በሥራ ላይ የተደረገ ሌላ ሰፊ ምርመራም አለ። የሃርቫርዷ ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር በሰባት ኩባንያዎች የሚሠሩ 238 ሰዎች ከየዕለት ሥራቸው በኋላ የላኩትን ወደ 12,000 የሚጠጋ የዕለት ማስታወሻ መርምረው በ2011 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። የሠራተኛን የዕለት መንፈስ ከሁሉ በላይ የሚያነሣው ነገር ትርጉም ባለው ሥራ ላይ የተገኘ እድገት ሆኖ አገኙት፤ እድገቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ። በሥራ የሚዋከብ ሰው ግን ትንሹን እድገት አያየውም፤ የቀረው ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከቀረው ጋር የተፈጸመውን አንድ ነገር መጻፍ ዋጋ አለው።

ሁለተኛው መስመር ትምህርቱ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና የመርሳቱን ፍጥነት ለካ። መርሳት የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ እየዘገመ ይሄዳል። የማታ ተማሪ ደግሞ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ታክሲ ይሳፈራል፣ ራት ያበላል፣ ይተኛል። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሚሰጥ ፈተና ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጡት ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት ናቸው። ይህ ጊዜ ለሌለው ተማሪ ትልቅ የምሥራች ነው። ደብተሩን ሳይከፍት «ዛሬ የገባኝ ይህ ነው፣ ያልገባኝ ይህ ነው» ብሎ ሁለት መስመር መጻፍ ሌላ ሰዓት የማይፈልግ ጥናት ነው። «ያልገባኝ» የሚለው በተለይ ለቅዳሜ የጥናት ሰዓት ከየት እንደሚጀመር ያሳያል።

ሦስተኛው መስመር ስለ ወለቀው ጥርስ ነው። በጊዜው ከአራቱ ሁሉ የሚያንሰው ይህ ይመስላል። የሃርቫርዷ ቲንግ ዣንግና ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በሰሞኑ ስላጋጠማቸው ተራ ነገር፣ ስለ ሰሙት ዘፈን፣ ስላደረጉት ወግ እንዲጽፉ አደረጉ። ተማሪዎቹ ከወራት በኋላ ሲያነቡት ይህን ያህል እንደማይስባቸው ገምተው ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሲያነቡት ግን ከገመቱት በላይ ወደዱት። ሰርግና ምርቃት ካሜራ አለው፤ ፎቶግራፍ አንሺ ይጠራለታል። የልጅ አነጋገር፣ የእናት ምክር፣ ባልና ሚስት ሌሊት በሹክሹክታ የተስማሙት የወር ወጪ ግን ካልተጻፈ አይገኝም። ትምህርቱ ሦስትና አራት ዓመት ይወስዳል፤ ልጅም በእነዚያው ዓመታት ያድጋል። ከሦስቱ ኃላፊነቶች ሁሉ ተመልሶ የማይወሰድ ኮርስ ይህ ነው።

አራተኛው መስመር ስለ ስሜት ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጄምስ ፔነቤከርና ሳንድራ ቢል በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የታወቀ ጥናት 46 የኮሌጅ ተማሪዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ጻፉ። ስላጋጠማቸው ከባድ ጉዳት ድርጊቱንም ስሜቱንም አንድ ላይ የጻፉት ወዲያው ሲጨርሱ ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ከሌሎቹ ያነሰ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ክላይንና ቦልስ በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ኮሌጅ ሕይወት ያላቸውን ሐሳብና ስሜት የጻፉ አዲስ ገቢ ተማሪዎች ከሰባት ሳምንት በኋላ በአእምሯቸው አንድን ነገር ይዞ የመሥራት አቅማቸው መሻሻሉን አሳዩ። ፔነቤከር የጽሑፎቹን ቃላት ሲመረምር ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»ና «አሁን ገባኝ» የሚሉ ዓይነት ቃላት የጨመሩት መሆናቸውን አስተዋለ። በኅዳር 17 ገጽ ላይ «ደክሞኛል» ብቻ ተብሎ አለመቆሙ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ድካሙና ቅሬታው ተለያይተዋል፤ ቅሬታው ምንጩን አግኝቷል።

አያያዙ

ልማዱን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ጅምር ነው። ሰው በመስከረም ወር ወፍራም ደብተር ይገዛል፤ በመጀመሪያው ምሽት ሦስት ገጽ ይጽፋል፤ በሁለተኛው ሁለት። በሦስተኛው አሳይመንት ይደርሳል፤ በአራተኛው ደግሞ ያለፈውን ቀን ለማካካስ ሲያስብ ይሰለቻል፤ ደብተሩም መሳቢያ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ኑሮ የሚስማማው ልክ ከሦስት እስከ አምስት መስመር ነው። የሚጻፍ ብዙ ነገር ባለበት ምሽት ማርዘምን ማንም አይከለክልም፤ የሚታሰበው ግን ትንሹ ልክ ይሁን። የፈተና ሳምንት ላይ አንድ መስመር ይበቃል፤ «ዛሬ ጻፍኩ የምለው የለኝም፣ ልጁን ግን አቅፌ ተኛሁ» የሚል መስመር ከዓመታት በኋላ ከገጽ ይበልጣል።

ለመጻፍ የሚመረጠው ጊዜ በቀኑ ውስጥ ካለ ሌላ ድርጊት ጋር ቢታሰር ይጸናል። አንዳንዱ ከራት በኋላ ቡና እስኪፈላ ይጽፋል፤ አንዳንዱ የሰርቪስ አውቶቡስ ውስጥ፤ የሌሊት ተረኛ ነርስ ደግሞ ተራዋን ካስረከበች በኋላ ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት አንድ አዲስ ድርጊት ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ ለመሆን መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ነበር፤ ከሰው ሰው ግን በግምት ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግኝት ደግሞ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው ነው። የተዘለለ ቀን አይሞላም፤ በሚቀጥለው ቀን ይቀጠላል።

ስለ መሣሪያው ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለአዲስ ዓመት ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች የሚያድሉት አጀንዳ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ቀኑ ታትሞበታል፣ ለቀኑ ያለው ገጽ አንድ በመሆኑ አጭር ጽሑፍን ያስገድዳል። ስልክ ላይ መጻፍ በታክሲ ውስጥና መብራት በጠፋ ምሽት ያግዛል፤ ጉዳቱ ስልኩ ከማስታወሻው ጎን ቴሌግራምንና ዜናን ይዞ መምጣቱ ነው። ስልክ የመረጠ ሰው ቢያንስ የጽሑፉን ቅጂ በሌላ ቦታ ያስቀምጥ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል።

ጥንቃቄ

የዕለት ማስታወሻ ለሁሉም ሰው በሁሉም ጊዜ መድኃኒት አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ስባራና ባልደረቦቹ በቅርቡ ከትዳር አጋራቸው በተለያዩ ሰዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። በነገሩ ላይ አብዝተው የሚያሰላስሉ ሰዎች ስሜታቸውን ዘርዝረው ሲጽፉ ይበልጥ ተጎዱ፤ በአንጻሩ የዕለት ውሏቸውን ያለ ስሜት ብቻ የመዘገቡት የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። አንድ ቅሬታ ለሳምንታት ያው ሆኖ ገጽ ላይ እየተመላለሰ ከሆነ ማስታወሻው ቁስሉን እየነካካው ነው። ያን ጊዜ ስለ ስሜት መጻፉን አቁሞ ውሎውን ብቻ መያዝ ይሻላል፤ ጭንቀቱ ከበረታም ለሐኪም ወይም ለሚታመን ሰው መንገር ይገባል።

ሌላው የምሥጢር ጉዳይ ነው። ሊዮ ቶልስቶይ በ1862 እ.ኤ.አ. ከሠርጉ በፊት የወጣትነቱን ማስታወሻ ለእጮኛው ለሶፊያ እንድታነብ ሰጣት፤ በውስጡ ያለው የቀድሞ ኑሮ ክፉኛ ጎዳት። ኋላ ሁለቱም ማስታወሻ ይይዙ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ያነባል፤ ጠባቸውም ገጽ ላይ ቀጠለ። ቶልስቶይ በመጨረሻው የሕይወቱ ዓመት ለብቻው የሚይዘውን ማስታወሻ ከሚስቱ ይደብቅ ነበር፤ እሷ ግን አገኘችው። በአንድ ክፍል ውስጥ አራትና አምስት ሰው በሚኖርበት ቤት ይህ ሥጋት ይብሳል። የሚሻለው ማስታወሻ መያዙን ለቤተሰብ በግልጽ ተናግሮ እንዳይነካ መጠየቅ ነው፤ የተደበቀ ደብተር ጥርጣሬ ይወልዳል። ስለ ትዳር አጋር የሚጻፈውም አንድ ቀን ሊነበብ እንደሚችል ታስቦ ይጻፍ፤ እውነቱ ይቅር ማለት አይደለም፣ በንዴት ሰዓት የመጣው ስድብ ግን ይቅር። ነርስ የታካሚን ስም፣ የባንክ ሠራተኛ የደንበኛን ሒሳብ፣ ጠበቃ የባለጉዳይን ምሥጢር በግል ደብተር ላይ ማስፈር አይገባቸውም። የሥራ ምሥጢር ከቢሮ ሲወጣም ምሥጢር ነው።

የተጻፈውን ማንበብ

ሳይነበብ የሚቀር ማስታወሻ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት፣ ያለፉትን ሰባት ቀናት ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የትኛው ሥራ ከቀን ወደ ቀን እየተላለፈ እንደ ሆነ፣ የትኛው ትምህርት ሳይገባ እንዳለፈ፣ ከልጆች ጋር የነበረው ጊዜ ስንት ቀን እንደ ተዘለለ በግልጽ ይታያል። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ለዓመታዊው ንባብ የተመቸ ጊዜ አለው። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን በአሮጌውና በአዲሱ ዓመት መካከል ትገኛለች፤ ብዙ ሰው በጸበልና በጸሎት ያሳልፋታል። የዓመቱን ደብተር በእነዚያ ቀናት ማንበብ፣ ለመጪው ዓመትም አንድ ኮርስ መቀነስ ወይም የትርፍ ሰዓት ሥራ መተው እንደሚያስፈልግ ከራስ ጽሑፍ ላይ መወሰን ይቻላል። በግምት ከመወሰን ይህ በእጅጉ ይሻላል።

ደብተሮቹ ወደ ፊት ምን እንደሚሆኑም አስቀድሞ ቢወሰን መልካም ነው፤ ለልጅ የሚተው ካለ በላዩ ይጻፍበት፤ እንዲቃጠል የሚፈለገውም እንዲሁ። ለመጀመር ግን አዲስ ዓመትም፣ የሴሚስተር መጀመሪያም፣ ሰኞም መጠበቅ አያስፈልግም። ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ አጀንዳ ባዶውን የተቀመጠበት አንባቢ በዛሬው ቀን ገጽ ላይ ከመተኛቱ በፊት ሦስት መስመር ይጻፍ፦ አንድ ስለ ሥራው፣ አንድ ስለ ትምህርቱ፣ አንድ ስለ ቤቱ።